ከወረቀቱ ጠርዝ የወጣች ላም

ጥቅምት 9 ቀን 1995 ዓ.ም.

ዛሬም እንደ ትናንቱ። ከአርድ ኤል ልዋ ሞሃንዲሲን ድረስ በእግር፣ ከዚያ ሁለት ማይክሮባስ፣ ከሸይኽ ዛይድ ወዲያ ደግሞ የእርሻው መኪና እስኪመጣ አሸዋ ዳር ቆሞ መጠበቅ። ስደርስ ጫማዬ ነጭ ሆኗል።

ሥራዬ ምንድን ነው? ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ላሞች በቀን ስንት ሊትር እንዳወጡ መጻፍ። ቁጥር 1፣ አሥራ አራት ሊትር። ቁጥር 2፣ አሥራ አንድ... አገሬ ላይ ዩኒቨርሲቲ ቆሜ ካልኩለስ ያስተማርኩ ሰው። ስምንት ዓመት ካይሮ። ከእጅ አይሻል ዶማ።

ይህን ደብተር የገዛችልኝ ሚስቴ ዮዲት ናት፣ ሞሃንዲሲን ከምታጸዳበት ቤት አጠገብ ካለ ሱቅ። ብቻዬን ሳጉረመርም ሰልችቷታል። "ቸሬ፣ እኔን ከምትነዘንዘኝ ለወረቀት ንገረው" አለች። እሺ፣ ይኸው ነገርኩት።

ጥቅምት 22

በአንድ ሳምንት ሦስት ላሞች ጽንስ ጣሉ። የከብት ሐኪሙ ደም ቀድቶ ሄደ።

ሙላቱ ከፍቶታል። አላቢው ነው፤ እርሻው ላይ ከኔ ሌላ ያለው አበሻ እሱ ብቻ። የድሮ ወታደር፣ ከዚያ በፊት የመንግሥት እርሻ አላቢ። ላሞቹን በቁጥር አይጠራም። እያንዳንዷ ስም አላት፣ በአማርኛ። የግብፅ ላሞች "ወርቄ"፣ "ዳለቻ"፣ "ሸጊት" እየተባሉ ይዞራሉ። 214ን ግንባሯ ላይ ነጭ ስላላት ቦቃ ብሏታል፤ ሲያቆላምጣት ቦቅዬ። "ቦቅዬ" ሲል ከበረቱ ጥግ አንገቷን አዙራ ትመጣለች። መዝገቤ ላይ ስሟን እንድጽፍ ጠየቀኝ። የእርሻውን ባለቤት፣ የሐጁን መዝገብ አላበላሽም አልኩት። ተቀየመኝ። ከቁጥሩ አጠገብ በእርሳስ፣ በትንሹ ጻፍኩለት።

ኅዳር 6

ረመዳን ነው፣ እርሻው ጸጥ ብሏል። የደሙ ውጤት መጣ። ሠላሳ ስምንት ላሞች። ብሩሴላ የሚባል ባክቴሪያ። ላሟን ያስጥላታል፤ ከጣለችው ጽንስ ወደ ሌላዋ ይጋባል። በወተት ደግሞ ወደ ሰው። ሰውን በትኩሳት ያመላልሰዋል አለ ሐኪሙ። ሙላቱ ባዶ እጆቹን ኪሱ ከተታቸው።

የእርሻው ባለቤት ሐጅ ሲባዒ ቢሮ ጠሩኝ። ሒሳብ አዋቂ መሆኔን ማን እንደነገራቸው እንጃ። ይህ ነገር መቼ እንደሚያልቅ በቁጥር ንገረኝ አሉ።

መቼ እንደሚያልቅ... ስለ ራሴስ የምጠይቀው ማንን ነው?

ኅዳር 15

ሠራሁት። ስምንት ዓመት ሙሉ እጄ እንዲህ ፈጥኖ አያውቅም።

ነገሩ ቀላል ነው። ሦስት ሣጥን። አንደኛው ጤነኞቹ፣ ሁለተኛው የተያዙት፣ ሦስተኛው የወጡት። በመካከላቸው ቀስት። አንዷ የታመመች ላም ዝም ብትባል ስንቷን ታስይዛለች? ከመዝገቡ ያገኘሁት ሁለት ነጥብ አራት። ያንን ቁጥር ከአንድ በታች ማውረድ ከተቻለ በሽታው እየከሰመ ይሄዳል። ማውረጃው ቶሎ ቶሎ መርምሮ የታመሙትን ከመንጋው ማውጣት።

ሦስተኛውን ሣጥን ልስል ስል ወረቀቱ አለቀ። ቀስቱን እስከ ጠርዙ ሳብኩትና ተውኩት። ከዚያ ወዲያ ያለው ለስሌቱ አያስፈልግም።

ለሙላቱ አሳየሁት። ብዙ አየው። "ሁሉም ላም ከሁሉም ጋር እኩል ይገናኛል ነው የምትለው መምህር?" አለ። በአማካይ አልኩት። ቦቃ እኮ ከዳለቻ ጎን ካልሆነ ድርቆሽ አትቀምስም፣ ወርቄ ደግሞ ሁሉንም ትዋጋለች... "በአማካይ የምትባል ላም አልቤ አላውቅም" አለኝ። ሳቅን። ስሌቱን ግን አልለወጥኩም። ጓደኝነትን በምን ልለካው?

ታኅሣሥ 8

የስደተኞች ቢሮ። ሦስት ሰዓት ፀሐይ ላይ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ቀና ሳትል "ፋይል ክሎዝድ" አለችኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

ዮዲት ነፍሰ ጡር ናት።

ከተጋባን ዘጠኝ ዓመታችን። ሁለት ወር ሊሞላት ነው። ራሷም አላመነችም፣ ሁለት ጊዜ ነው የተመረመረችው። ስትነግረኝ ልብስ እያጠፈች ነበር፣ ማጠፉን አላቆመችም። እኔ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ለማን ልናገር... ለሙላቱ ስልክ ደወልኩለት። "ላሜ ወለደች በላ!" አለ። ከዚያ ጽንስ ከሚጥሉ ላሞች ጋር እንደሚውል ትዝ አለው መሰለኝ፣ ቶሎ ተሰናብቶኝ ዘጋው።

ጥር 15

ውጤቱን ለሐጁ አቀረብኩ። በየወሩ ምርመራ፣ የተገኘባት ሁሉ ወዲያው ትውጣ፣ በሰኔ ዜሮ። ከኮምፒዩተሩ ያወጣሁት መስመር ከላይ ተነስቶ ቁልቁል ይወርዳል። ሐጁ በጣታቸው ተከተሉት።

ሐኪሙ የታመሙት ቄራ መሄድ አለባቸው፣ ደንቡ እንዲያ ነው አለ። ሐጁ ወደ እኔ ዞሩ። ቢታረዱ ወይም በሕይወት ቢሸጡ መስመርህ ላይ ለውጥ አለው? አሉኝ።

"ለስሌቱ ልዩነት የለውም" አልኩ።

እውነት ነው፣ የለውም። ሐኪሙ አየኝ፣ ከዚያ ሻዩን አየ። ኸላስ፣ በቃ፣ አሉ ሐጁ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው።

ለምን ሌላ ቃል አልጨመርኩም? ፈርቼ? አይደለም። ሥራዬ ስለተወደደልኝ ነው። ሰው ወረቀቴን እንዲያ አተኩሮ ካየው ስንት ዓመቱ...

ጥር 24

ዒዱ አሥር ቀን ቀርቶታል፣ ከብት ተወዷል። ሦስት የጭነት መኪና መጣ። ሠላሳ ስምንቱንም ጫኗቸው። ከመጫናቸው በፊት ጆሯቸው ላይ ያለውን ቁጥር በመቀስ አወጡት፤ ከየት እንደመጡ እንዳይታወቅ። አንዳንዷን ከነጆሮዋ ጫፍ ቆረጧት።

ቦቃም ሄደች። ሙላቱ በረቱ ውስጥ ቆይቶ ሲወጣ እጁ ላይ ደም ነበር፤ መቀሱን ነጥቆ እሷን ራሱ ነው የቆረጣት፣ እነሱ እንዳያሳምሟት። ምሳውን አልበላም። የት ነው የሚወስዷቸው አለኝ። እንጃ አልኩት። የምር አላውቅም፣ ደግሞም አልጠየቅኩም።

መዝገቡ ላይ ሠላሳ ስምንቱን ሰረዝኳቸው። በእርሳስ የጻፍኩትን ስም ግን ላጲስ አልነካውም።

የካቲት 27

ዐቢይ ጾም ከያዝን አራተኛ ቀን። ዮዲት ትጾማለች። ሐኪሟ ደምሽ አንሷል፣ ወተት ጠጪ ብላታለች። አልሰማም አለች። ዘጠኝ ዓመት ለምኜ ያገኘሁትን በጾም ወተት አላሳድግም ነው የምትለው። ተለማመጥኳት፣ ተቆጣኋት። ግድግዳ።

መጋቢት 4

ሴንትራል፣ ስልክ ቤቱ፣ ሄደን የንስሐ አባቷ ጋ አዲስ አበባ አስደወልኩ። ወረፋ ጠብቀን፣ መስመሩ ሁለቴ ተቋርጦ። ልጅ የያዘች ሴት ልጇን ትመግብ፣ ጾሙን እኔ እጾምላታለሁ አሏት አባ። ስልኩን ዘግታ አለቀሰች። እኔ አሸነፍኩ ብዬ ደስ አለኝ።

ወተቱ ከየት ይምጣ? ከእርሻው አላስነካትም። ከሰፈራችን ጀርባ ኡም ሰይድ የሚባሉ ባልቴት አሉ፣ ምድር ቤታቸው ሦስት ላም ያስራሉ። እሱ ይሻላል አልኳት። ምክንያቱን በሒሳብ አስረዳኋት። በሽታ የሚኖረው መንጋ ሲኖር ነው፤ ከብቱ ጥቂት ከሆነ የሚጋባበት ያጣና በራሱ ይሞታል። ሦስት ላም መንጋ አይደለም። ቁጥሩን ሠርቼ አሳየኋት። "አንተ ካልክ" አለች።

መጋቢት 12

በኢራቅ ጦርነት ምክንያት ከተማው ሰልፍ ነው። ታክሲ የለም፣ ከዶኪ ጀምሮ በእግሬ። ኡም ሰይድ በራቸውን ሊዘጉ ሲሉ ደረስኩ። ከደጃፉ አላልፍም፣ የጋጣ ሽታ ቀኑን ሙሉ ስምገው ስለምውል ይበቃኛል። ወተቱን ከውስጥ አምጥተው ይቀዱልኛል። ለሚስትህ ነው፣ ብለው ሁልጊዜ ትንሽ ይጨምሩበታል።

የፈላ ወተት ዮዲትን ያቅለሸልሻታል፣ ሽታው ሲመጣ ትሸሻለች። እርጎ ግን አማራት። እናቷ ቤት እንደሚደረገው ሳታፈላ በማሰሮ ልታረጋው ትችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ኡም ሰይድ ሦስት ላም ነው ያላቸው አልኳት። ማለትም፣ ትችያለሽ።

ሚያዝያ 2

የእርሻው ሦስተኛ ምርመራ፣ አራት ላም ብቻ። መስመሬ አምስት ብሎ ነበር። ሐጁ ለሰው ሁሉ ያሳዩኛል።

ዮዲት ፊቷ ሞልቷል። እርጎዋን በማንኪያ ስትበላ ዓይኗን ትጨፍናለች። ልጁ ይራገጣል። እጄን ሆዷ ላይ አስቀመጠች፣ እኔም ሰማሁት። ስም እናውጣለት ስላት አፌን በእጇ ያዘች። ሳይወለድ ስም አይወጣም፣ ሟርት ነው አለች። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀች ሴት አራት ወር መጠበቅ አያቅታትም።

ደስተኛ ነኝ ብዬ ልጻፈው? ጻፍኩት።

ሚያዝያ 14

ዮዲትን ትኩሳት ይዟታል። ጠዋት ደህና ትሆናለች፣ ሲመሻሽ ያንቀጠቅጣታል፣ ሌሊት አንሶላው በላብ ይርሳል። ወገቧን ቆርጦ ይዟታል። ጉንፋን ነው አልኳት። የሰፈሩ ፋርማሲም ጉንፋን ነው አለ። በቀን ሁለቴ እርጎ አበላኋት፣ እንዲያበረታት።

ሚያዝያ 19፣ ፋሲካ

መነሳት አልቻለችም።

ሚያዝያ 25

ትናንት። አምስት ወር ተኩል። ወንድ ነበር።

ግንቦት 4

ሐኪሟ የደሙን ውጤት ይዛ ገባች። ከከብት ጋር ትሠራላችሁ? አለች። እኔ አልኩ። የበሽታውን ስም ሳትጨርሰው ጨረስኩላት። ገርሟት አየችኝ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ልብሴን ነው። ጫማዬን ደጅ አወልቃለሁ፣ እጄን በበረኪና እታጠባለሁ... ሐኪሟ ያልፈላ ወተት ትጠጣለች ወይ ስትል ዮዲት አልጋው ላይ ሆና እርጎ አለች። ዞር ብላ አላየችኝም። ሦስት ላም ነው እኮ፣ አንተ ነህ ያልከኝ፣ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ግንቦት 6

ኡም ሰይድ ጋ ሄድኩ። ዛሬ ከደጃፉ አለፍኩ። ጨለማ ምድር ቤት፣ አንድ አምፖል። ሁለቱ ቀያይ የአገሬው ላሞች ናቸው። ሦስተኛዋ ከኋላ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ ቆማለች። ጥቁርና ነጭ፣ የእርሻ ላም። ይህቺን ከየት አመጧት አልኩ። ለዒድ ሰሞን ከገበያ፣ በርካሽ፣ ወተቷ ግን በረከት ነው አሉ። በመጋቢት ጥጃ ጣለችብኝ፣ ማሌሽ፣ ምን ይደረግ፣ የሰው ዓይን ነው አሉ።

በመጋቢት... እኔ በየቀኑ ደጃፉ ላይ ጆግ ይዤ ስቆም።

ጆሮዋ ጫፉ የለም። የተቆረጠ ጆሮ ግን ምን ይናገራል፣ ገበያው የሞላው ጆሮው በተቆረጠ ከብት ነው። እሷ እንዳትሆን ፈልጌ ነበር። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እንደ ሙላቱ፣

"ቦቅዬ" አልኩ።

አንገቷን አዞረች። ግንባሯ ነጭ። መጥታ እጄን አሸተተች።

ኡም ሰይድ ሳቁ፣ ታውቅሃለች ወይ ብለው። እንደታመመች ነገርኳቸው። ጉልበታቸውን እያሻሹ አዳመጡኝ፤ ለካ እሳቸውም ከዒድ ወዲህ ትኩሳት ይመላለስባቸዋል። ወተቱን አፍሉ፣ ላሟም አትሸጥ፣ ሐኪም ይያት አልኩ። "ያብኒ፣ ልጄ፣ ታዲያ እንጀራዬን ልጣል?" አሉኝ።

ግንቦት 7

ለሙላቱ ነገርኩት። የመጀመሪያ ጥያቄው ከስታለች ወይ የሚል ነበር። ሁለተኛው ስለ ዮዲት ነበር፣ ያንን ግን አልጨረሰውም። ሄዶ የበረቱን በር ያዘ።

ቀስቱን እስከ ጠርዝ የሳብኩት እኔ። ከጠርዙ ወዲያ ምንም የለም ያልኩት እኔ። ሦስት ላም መንጋ አይደለም ያልኩትም። ሦስት ላም መንጋ የማይሆነው ማንም ከውጭ ካላመጣበት ነው። ይህን አንደኛ ዓመት ተማሪ ቢስተው በቀይ እሰርዝበት ነበር።

ሰኔ 10

ዜሮ። ሁለት መቶ ምናምን ላሞች፣ አንድም የታመመ የለም። መስመሩ እኔ ባልኩት ወር፣ እኔ ባልኩት ሳምንት መሬት ነካ።

ሐጁ አቀፉኝ። ፋዩም ያለው ወንድማቸው ጋ ሊልኩኝ ይፈልጋሉ፣ እሱም መንጋው ታሞበታል። ሠላሳ ስምንቱ የት እንደተሸጡ ጠየቅኳቸው። የገበያ ነገር፣ ማን ያውቃል? ኸላስ ወጥተዋል አሉ። የሚስቴን ነገር ነገርኳቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፣ የምር አዘኑ። ከዚያ በቀስታ፣

"ልዩነት የለውም ያልከው እኮ አንተ ነህ" አሉኝ።

ክፋት አልነበረበትም። የባሰው እሱ ነው።

ሰኔ 13

የሰፈሩን በር ሳንኳኳ ሰነበትኩ። ወተት አፍሉ፣ እርጎ ከጥሬ አታርጉ። አበሻው ቤት ይሰሙኛል፣ በሚስቴ አዝነው። ሱዳኖቹ ሻይ ይጋብዙኛል። ግብፆቹ ኡም ሰይድን ልታከስር ነው ወይ ይላሉ።

ዛሬ ኡም ሰይድ ጋ ሄድኩ። ከኋላ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ወሬው ሳይበዛ ሸጠዋታል፣ ትናንት፣ ለአንድ ነጋዴ። ወዴት ወሰዳት? አያውቁም። አመሰግናለሁ፣ አስጠነቀቅከኝ አሉኝ።

እንግዲህ እሷን ከዚህ ያስወጣኋት እኔ ነኝ፣ ሁለተኛ ጊዜ። ደግሞ የማን ማሰሮ ውስጥ ትገባ ይሆን?

ሰኔ 15

ለዮዲት ሁሉንም ነገርኳት። እስከ ዛሬ የምታውቀው እርጎውን ብቻ ነበር። ከሐጁ ቢሮ ጀምሬ፣ ወረቀቱን፣ ቀስቱን፣ ለስሌቱ ልዩነት የለውም ማለቴን፣ መኪኖቹን፣ መቀሱን፣ ምድር ቤቱን። መድኃኒቷን ሰዓት ጠብቃ ዋጠች፣ ሌላ ስድስት ሳምንት ቀርቷታል። እንድትጮህብኝ ጠበቅኩ። አልጮኸችም።

ፋዩም አልሄድም፣ ለሐጁም ልነግራቸው ነው አልኳት። ሰምታኝ እንደሆነ እንጃ። ቆይታ፣ እንዴት አወቅካት አለችኝ፣ ቁጥሯን ቆርጠውት። ስም ነበራት አልኳት። ሙላቱ ያወጣላት፣ ቦቃ። ሲጠራት ቦቅዬ ይላታል፣ እኔም እንዲያ ስላት ዞረች።

እጇ ሆዷ ላይ ነበር፣ ረስታው ይሆናል።

"ላሟ ስትጠራ ዞረች" አለች። "እኔ ልጄን ማን ብዬ ልጥራው?"

ሟርት ነው ብላ አፌን የያዘችበት ቀን ትዝ አለኝ፣ እሷም ትዝ ብሏት ነው። መብራቱን አጥፋልኝ ሳትለኝ ራሷ ተነስታ አጠፋችው። ይህን የምጽፈው ኩሽና ሆኜ ነው።